ያለ ካቴና ይቻላል

«በዚህ ዋጋ እኮ ለኮሮላዬ ጎማ እገዛበት ነበር!» አለኝ ወዳጄ፣ አዲሱን ጎማ ወንበር ላይ ሳስቀምጠው አይቶ።

«ኮሮላህ አራት አላት። አንዱ ቢከዳህ ሦስቱ ይዘውህ ዳር ይወጣሉ። እኔ ያለኝ ሁለት ነው፤ የፊተኛው ሲከዳኝ የሚቀበለኝ ድንጋይ ነው» አልኩት።

ቡናው ገና አቦል ነበር።

ቦታው አውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከሃቫና ጎዳና ብዙም ሳይርቅ እትዬ ዘንድ ቡና እንጠጣለን። ከምንሰበሰበው ሰዎች ገሚሱ ታክሲ ነድቷል ወይም እየነዳ ነው። ጎሚስታ ደጃፍ ላይ ቆሞ ያልተከራከረ፣ የጎማ ጥርስ በሳንቲም ያልለካ ሰው የለንም። ችግሩም ይኸው እውቀት ነው። ሁላችንም የምናውቀው የመኪና ጎማ ነው፤ የመኪና ጎማ እውቀት በብስክሌት ተራራ ሲወርድ ሰው ይሰብራል። የእህቴን ልጅ የእጅ አንጓ ሰብሯል። ልጁ ስድስት ሳምንት በጄሶ ከርሟል። ስለዚህ በዚያ ቅዳሜ ለተሰነዘረው ሁሉ እዚያው መልሻለሁ፤ ሳልጨርሰው የቀረውን ደግሞ እዚህ እጨርሰዋለሁ።

«ለመሆኑ እዚያ ተራራ ላይ ብስክሌት ይዛችሁ ምን ያስወጣችኋል?» አለች እህቴ። ቁጣዋ አልበረደም።

«ለመውጣት አይደለም የምንሄደው፤ ለመውረድ ነው።»

ከዴንቨር ተነስተን በርቱድ የሚባለውን በር እንሻገራለን። 3,446 ሜትር ነው፤ ነፋሱ ጣርማ በርን ያስታውሳል። ከማዶው ዊንተር ፓርክ አለ። በበረዶው ወራት ሰው በሸርተቴ የሚወርድበት ተራራ ነው፤ በረዶው ሲቀልጥ ያው ሊፍት ብስክሌት ማውጣት ይጀምራል። ትሬስል ይሉታል። ብስክሌትህን ሊፍቱ ላይ ትሰቅላለህ፣ ከራስህ በላይ የቆሙ ጥዶች አጠገብ ተንጠልጥለህ ትወጣለህ፣ ከዚያ በጫካው ውስጥ ቁልቁል ነው። መሬቱ ከላይ እንደ በሶ የላላ አቧራ ነው፤ ከስር እንደ ሲሚንቶ የደደረ። በመሃሉ የተፈረካከሰ ድንጋይና ከአፈር የወጣ ሥር አለ። ልጁ የወደቀው በዚያ አቧራ ላይ፣ ግድግዳ በሌለው ሜዳማ ኩርባ ነው።

«ልጄን የሰበረው ተራራው ነው!»

«እህቴ፣ ተራራውማ ከእሱ በፊትም እዚያው ነበር። የዚያን ቀን ስንት ሰው በዚያው ኩርባ አልፏል። የጎደለው በተራራውና በልጁ መካከል ያለው ነገር ነው።»

ብስክሌቱ ጥሩ ነበር፤ ያገለገለ ቢሆንም ፍሬኑ የሚይዝ፣ ንዝረት የሚውጠው ሹኩ የማይፈስ። ጎማው ግን አብሮት የመጣው ነው፤ ጎኑ ስስ፣ ላስቲኩ ደረቅ፣ ለሜዳና ለዳገት የተሠራ። አዲስ ይመስል ነበር፤ እኔም አይቼው አልፌዋለሁ። ያን አልረሳውም። መሬት የሚነካው የጎማው ቁራጭ ከእጅ መዳፍ ያንሳል። የሚይዘው ፍሬን፣ የሚሸከመው ሹክ፣ የሚያዞረው መሪ ሁሉም የሚሠሩት በዚያች መዳፍ በማታህል ቦታ በኩል ነው። ሰው ግን ለሹኩ ሺህ ዶላር ያወጣና ለጎማው ዘጠና ሲባል ይቆጣል።

«አንድ ኪሎ ከሦስት መቶ ግራም?» አለ በአስፋልት ብስክሌት የሚሄደው ወዳጃችን ጎማውን በእጁ እየመዘነ። ይኼኛው ግራም ይቆጥራል። ለአስፋልቱ ልክ ነው፤ ዳገቱን በጉልበቱ ነው የሚገፋው። «አንድ ጎማ ብቻውን? ማን ሊሸከመው ነው?»

«ሊፍቱ።»

«ታዲያ ክብደቱ ምን ይጠቅማል?»

«በውርጭ ነጠላ ለብሰህ ትወጣለህ?»

«ጋቢ እያለ?»

«ይኸው ጋቢው ነው።»

ይህን ትንሽ ላብራራው፤ የነገሩ ሥር እዚህ ነው። ጎማ ላስቲክ ብቻ አይደለም። ከጥርሱ በታች በላስቲክ የተነከረ ክር አለ፤ እንደ ሸማ የተሸመነ አድርገህ አስበው። ለሜዳውና ለዳገቱ በሚሠራው ጎማ ይህ ልብስ ጎኑ ላይ ስስ ነው፣ እንዲቀል። ለቁልቁለት የሚሠራው ግን ድርብ ነው። ጎማ ሠሪው ማክሲስ ስሱን «ኤክሶ»፣ መካከለኛውን «ደብል ዳውን»፣ ድርቡን «ዲ ኤች» ብሎ ይጽፍበታል፤ ሽዋልቤ ድርቡን «ሱፐር ዳውንሂል» ይለዋል፤ ኮንቲኔንታል በአጭሩ «ዳውንሂል» ይለዋል። ከዚህ ጽሑፍ ሌላው ሁሉ ቢረሳህ ይህን አትርሳ፦ ሱቅ ስትገባ መጀመሪያ የምታነበው የጥርሱን ቅርጽ ሳይሆን ይህን ቃል ነው። አንድ ዓይነት ጥርስ ያለው ጎማ በስስም በድርብም ልብስ ይሸጣል፤ ከሩቅ ሲታዩ መንትያ ናቸው።

ድርቡ ስለታም ድንጋይ ጎኑን እንዳይቀደው ይከላከላል፤ ይህን ሁሉም ይገምታል። የማይገመተው ሌላው ነው። ስሱ ጎማ ድንጋይ ሲመታ ይነጥራል፤ ወፍራሙ ይመታና ዝም ይላል። ከአንዱ ድንጋይ ነጥረህ ገና አየር ላይ ሳለህ ሁለተኛው ከመጣ መሪውን የምታዞረው በባዶ ነው። ደግሞም ኩርባ ላይ ስትጋደም ጎማው በጎኑ ነው የሚቆመው፤ ስሱ በዚያች ሰዓት ስሩ ይታጠፋል፣ አንዳንዴም ከቸርኬው ላላ ብሎ ነፋስ ይተፋል። ያኔ ያዳንከው ሦስት መቶ ግራም ምንህም አይደለም።

«እሺ ጋቢም ይሁን። ግን ላስቲኩ ለስላሳ ነው አሉ፤ በአንድ ወቅት ያልቃል» አለ የኮሮላው ባለቤት።

«ይለቅ! ከልጁ ቆዳ በፊት እሱ ይለቅ።»

«ስልሳ ሺህ ማይል የሚሄድ ጎማ እያለ...»

«ስልሳ ሺህ ማይል ልሄድ አይደለም። ከላይ እስከ ታች ልደርስ ነው።»

እትዬ ረከቦቱን እያስተካከሉ ነበር። ቀና ብለው የኮሮላውን ባለቤት አዩትና «ልጅህ ባለፈው የመቶ ሃምሳ ዶላር ጫማ ተጫምቶ ሲመጣ ‹በስንት ወር ያልቃል?› ያለው ሰው ነበር?» አሉት። ከእኔ መልስ የእሳቸው ይበልጣል፤ ስለዚህ እንዳለ ጻፍኩት።

የላስቲክ ልስላሴ የሚለካበት ሾር የሚባል መለኪያ አለ፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ላስቲኩ ይለሰልሳል። ቀደም ሲል የቁልቁለት ጎማ ሲገዛ 42 ወይስ 60 ተብሎ ነበር የሚጠየቀው፤ 42ቱ እርጥብ ሥር ላይ ይጣበቃል፣ 60ው ይንሸራተታል፣ ግን ይቆያል። ዛሬ ፋብሪካዎቹ ሁለት ሦስት ዓይነት ላስቲክ በአንድ ጥርስ ውስጥ ይደራርባሉ፤ ከስር ጠንካራ፣ ከላይ ለስላሳ። ማክሲስ በጣም ለስላሳውን «ማክስግሪፕ»፣ ቀጥሎ ያለውን «ማክስቴራ» ይለዋል። ሽዋልቤ በቀለም መስመር ነው የሚለየው፤ ወይን ጠጁ ከሁሉ የለሰለሰ፣ ብርቱካናማው ቀጥሎ። ኮንቲኔንታል «ሱፐርሶፍት» ይጽፋል። ስሙ ሁሉ ቢያደናግርህ በአውራ ጣትህ ጥፍር ጥርሱን ተጫነው። ደረቁ ወዲያው ይመለሳል። ለስላሳው ቀስ ብሎ፣ እያመነታ ነው የሚመለሰው። ድንጋይ ላይም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ቅርጹን ይዞ ይቆይለታል።

ፊት ለፊት ለስላሳው ይታሰር፤ በዚህ አልደራደርም። ኋላ ላይ ግን እደራደራለሁ። ፍሬን ስትይዝ እየተጎተተ የሚበላው የኋላው ጎማ ስለሆነ አንድ ደረጃ ጠንከር ያለ ላስቲክ ቢሆን አይከፋም። ገንዘብ የሚቆጠበው እዚያ ነው።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ የኮሮላው ባለቤት፤ አሁን ያገኘኝ መስሎት ወንበሩን ሳበ። «ጎማ ቤት ሁለት አዲስ ብቻ ስገዛ የሚያስሩልኝ ኋላ ነው። ኋላው ከከዳህ መኪናው ይዞራል ይላሉ። አንተ ለምን ፊት አልክ?»

«ለመኪና ልክ ናቸው። መኪና ኋላው ሲንሸራተት ይዞራል። ብስክሌት ኋላው ሲንሸራተት ይወዛወዛል፤ እግርህን ትዘረጋለህ፣ ወገብህን ታዞራለህ፣ ታልፋለህ። ፊቱ ሲንሸራተት ግን...»

«ግን?»

«‹ግን› የሚባልበት ጊዜ የለም። መሬት ነህ።»

ልጁ ጥግ ላይ ተቀምጦ እጁን እያሻሸ ነበር። አንገቱን ነቀነቀ። እሱ የዚያን ቀን ያለኝ ይህንኑ ነው፦ «ሲንሸራተት አላየሁትም፤ ወድቄ ነው ያወቅኩት።»

ስለዚህ አዲስ ጎማ ሲገዛ ፊት ይታሰራል፤ ከፊት የወረደው ገና ጥርስ ካለው ወደ ኋላ ይሄዳል። ጥርስ አለው ስል የመሃሉን ማለቴ አይደለም። መሃሉን አይተህ «ገና ነው» እንዳትል። ኩርባ ላይ የሚይዝህ የጎኑ ጥርስ ነው፤ እሱን በጣትህ ወደ ውጭ ገፋ አድርገህ ስሩን እይ። ስሩ ላይ ከተሰነጠቀ ያ ጎማ ለፊት አይሆንም፤ መሃሉ አዲስ ቢመስልም አይሆንም።

«ምን ያህል ትመራመራለህ?» አለ ሌላው። «ስም ያለውን መግዛት ነው።»

«ስም ኩርባ ላይ አይነክስም። ጥርስ ነው የሚነክሰው።»

ስም ካነሳን ግን አንድ የምወደው ስም አለ። ግሬግ ሚናር የደቡብ አፍሪካ ሰው ነው፣ ከፒተርማሪትዝበርግ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2003፣ በ2012፣ በ2013 እና በ2021 የቁልቁለት የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፤ አራት ጊዜ። ማክሲስ ከእሱ ጋር የሠራው ጎማ አሴጋይ ይባላል፤ በደቡብ አፍሪካ የሚታወቀው ጦር ስም ነው። አውሮራ ወንበር ላይ ተቀምጦ የነበረው ጎማ እሱ ነው፤ በአፍሪካ ጦር ስም የተጠራ፣ አፍሪካዊ ሻምፒዮን የሞከረው። ደስ ይለኛል። የገዛሁት ግን ለደስታዬ አይደለም፤ ለትሬስል አቧራ ነው።

ለምን መሰለህ? ከእሱ በፊት ለብዙ ዓመታት የነገሠው ሚንየን የሚባለው የፊት ጎማ በመሃል ጥርሱና በጎን ጥርሱ መካከል ባዶ ቦይ አለው። ብስክሌቱን በደንብ አጋድመህ ጎኑ ላይ ካስተኛኸው እንደ ሐዲድ ይይዝሃል። ፈርተህ በግማሽ ካጋደምከው ግን መሃሉን ለቀህ ጎኑ ላይ ሳትደርስ ባዶዋ ቦይ ላይ ትቀራለህ። ፈሪ እንዳይመስላችሁ፤ አዲስ ሰው ሁሉ በግማሽ ነው የሚያጋድመው። አሴጋይ ያንን ቦይ በመካከለኛ ጥርሶች ሞልቶታል። ስታጋድም በየደረጃው የሚቀበልህ ጥርስ አለ። ሲሄድ ትንሽ ይጎትታል፤ በቁልቁለት ይህ ዕዳ አይደለም። ለጀማሪ ልጅ የፊት ጎማ ግዛ ብትሉኝ ከሚንየን ይልቅ እሱን የምመርጠው ለዚህ ነው። ኋላ ላይ ደግሞ ያው ማክሲስ «ዲ ኤች አር» የሚለው ይታሰር፤ የመጨረሻዋ ፊደል የኋላ ማለት ናት፣ የመሃል ጥርሱም ፍሬን ሲያዝ መሬቱን እንደ አካፋ እንዲቆፍር ተብሎ የተሠራ ነው።

ይህን ስል ውድድር የሚከታተለው ወጣት ትዕግሥቱ አለቀ።

«አንተ ጎማ ጎማ ትላለህ! አሮን ግዊን በ2014 ኦስትሪያ፣ ሌኦጋንግ ላይ ጎማው ተንፍሶ፣ ከቸርኬው ወልቆ፣ በባዶ ቸርኬ እስከ ታች ወርዷል። ጎበዝ ጎማ አያሻውም!»

«አሸነፈ?»

ዝም አለ።

«በዓመቱ እዚያው ሌኦጋንግ ገና መነሻው ላይ ካቴናው ተበጠሰ። አንድም ጊዜ ፔዳል ሳይመታ ወረደ። አሸነፈ?»

«አሸነፈ።»

«እንግዲህ ራስህ መለስከው። ያለ ካቴና ይቻላል።»

ጠረጴዛው ሳቀ፤ እኔ ግን የምሬን ነው። ያ ሰው ያው ነው፣ ተራራው ያው ነው፣ ድፍረቱም ያው ነው። በ2015 የካቴና ጉልበት አልነበረውም፤ ሁለቱ ጎማዎቹ ግን ነበሩት። ፍሬን የሚይዝበት ነበረው፣ ኩርባ የሚገባበት ነበረው። ሁለተኛ የወጣውን ከአንድ አሥረኛ ሰከንድ ባነሰ በለጠው። በ2014 ካቴናው ደህና ነበር፤ ምን ሊያደርግለት? ቸርኬ ድንጋይ ላይ አይነክስም። እንደዚያ ያለ የዓለም ምርጥ ብስክሌተኛ ማድረግ ያልቻለውን የእህቴ ልጅ በሁለተኛ ወሩ እንዲያደርገው አልጠብቅም።

ወጣቱ አልተሸነፈም። «ሚናርስ? በ2013 በገዛ ከተማው የኋላ ጎማው ተንፍሶ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል!»

«የተነፈሰው ወደ መጨረሻው ነው። ከሁለተኛው የበለጠው ደግሞ ከግማሽ ሰከንድ ባነሰ ነው። ያ ጎማ ትንሽ ቀደም ብሎ ቢተነፍስ ወርቁ ወዴት ይሄድ ነበር?»

«ወደ አውስትራሊያ» አለ። ሁለተኛ የወጣው ሚክ ሃና እንደነበር ያውቃል። ወጣቱ እውነቱን አይደብቅም፤ ለዚህ ነው የምወደው።

ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ ወሬው ወደ ነፋስ ዞረ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፤ ጥሩውን ጎማ ገዝቶም ይሳሳታል። ልጁ በወደቀበት ቀን ጎማውን 40 ፒ ኤስ አይ ሞልቶት ነበር። «እንዳይተነፍስ ብዬ ነው» አለኝ።

«ኳስ ነው የሞላኸው። ኳስ ደግሞ ሥራው መንጠር ነው።»

ጎማ በጣም ሲሞላ ድንጋዩን አያቅፈውም፤ ጫፉ ላይ ይቆማል። በጣም ሲጎድል ደግሞ ቸርኬው ድንጋዩን ያገኘዋል፣ ኩርባ ላይም ጎማው ይታጠፋል። በመካከል ያለው ቦታ ጠባብ ነው፤ ሁለት ፒ ኤስ አይ ልዩነት በእጅ ይታወቃል። ሰባ ኪሎ አካባቢ ለሚመዝን ሰው፣ ድርብ ልብስ ባለው 2.5 ኢንች ጎማ፣ ፊት ከ22 እስከ 24፣ ኋላ ከ25 እስከ 27 ብሎ መጀመር ጥሩ ነው። ከዚያ በኋላ የሚወስነው መሬቱና የራስህ ክብደት ነው። በስስ ጎማ ይህን ያህል ዝቅ ማለት አትችልም፤ ቸርኬህ ይጎዳል። ስለዚህ ነው ጋቢው መጀመሪያ፣ ነፋሱ ቀጥሎ የምለው።

ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡት ጋሼ በአሰብ መስመር ከባድ መኪና ነድተዋል። እስካሁን ዝም ብለው ሲሰሙ ነበር። «ጭነቱ ያለበት ጎማ ነው ነፋስ የሚጨመርለት» አሉ። «እናንተ ዘንድ ለምን ኋላው በለጠ? ቁልቁለት ላይ ጭነቱ ወደ ፊት አይደለም የሚሄደው?»

ከጠረጴዛው ሁሉ የተሻለው ጥያቄ ይህ ነበር። «ልክ ነዎት ጋሼ፣ ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት ይሄዳል። ግን ድንጋይ ሲመጣ ፊቱን በእጃችን እናቀለዋለን፣ እንመራዋለን። ኋላው ተከትሎ የመጣውን ሁሉ ሳይመርጥ ይመታል፤ ቸርኬ የሚታጠፈውም ብዙውን ጊዜ ኋላ ነው።»

«ነፋሱን መቼ ትለካላችሁ?»

«ቤት፣ ከመነሳታችን በፊት።»

«ተሳሳታችሁ። ጎማ የሚለካው ሥራው ያለበት ቦታ ነው። እኛ ከደሴ ስንወርድና አሰብ ስንደርስ አንድ አልነበረም።»

እውነታቸውን ነው፤ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ አደርጋለሁ። መለኪያ የሚያነበው የውስጡ ነፋስ ከውጭው ምን ያህል እንደሚበልጥ ነው። ዴንቨር 1,609 ሜትር ላይ ናት፤ ዊንተር ፓርክ ደብረ ብርሃንን ይጠጋል፣ የሊፍቱ ጫፍ ደግሞ ከዚያም በላይ ነው። የውጭው አየር ሲሳሳ መለኪያው አንድ ወይም ሁለት ፒ ኤስ አይ ጨምሮ ያሳያል። የተራራው የጠዋት ብርድ ደግሞ መልሶ ይቀንሰዋል፤ ቀትር ላይ ፀሐዩ ይጨምረዋል። ስለዚህ ሃያ ዶላር የማትሞላ የእጅ መለኪያ ኪስ ውስጥ ትግባ፤ ጠዋት ሊፍቱ ሥር፣ ቀትር ላይ አንድ ጊዜ ደግሞ።

«ደግሞ የውስጥ ጎማ የለውም ትላላችሁ» አለ የኮሮላው ባለቤት፣ በረካው ሲቀዳ። «የውስጥ ጎማ ከሌለው ነፋሱን ማን ይይዘዋል?»

«የኮሮላህ ጎማ የውስጥ ጎማ አላት?»

«የላትም።»

«ታዲያ የአንተን ማን ያዘልህ?»

ቡናውን ጠጣ።

የብስክሌቱም ያው ነው፤ ጎማውና ቸርኬው ተነካክሰው ይይዙታል፣ ውስጡ ደግሞ ወተት የሚመስል የጎማ ፈሳሽ ይጨመራል። እሾህ ሲወጋው ፈሳሹ ቀዳዳው ላይ ይረጋል። የውስጥ ጎማ ባለው ግን ድንጋይ ሲመታ ላስቲኩ በቸርኬውና በድንጋዩ መካከል ይቀረቀርና እባብ እንደነደፈው ሁለት ቀዳዳ ያወጣል። ፈሳሹ በየጥቂት ወሩ ይደርቃል፤ ጎማውን አውልቀህ ባታየው እንኳ ስትነቀንቀው ድምፅ ካልሰማህ ጨምርበት። ድንጋይ ለሚበዛበት መንገድ በጎማው ውስጥ የሚገባ ስፖንጅ መሰል ቀለበትም አለ። ክብደት ይጨምራል፤ ለቸርኬው ግን ዋስ ነው። ለልጁ ኋላ ብቻ አስገባሁለት።

«ዝናብ ቢመጣስ?» ተባልኩ። ኮሎራዶ ሐምሌና ነሐሴ ከሰዓት በኋላ መብረቅ ይዞ ይመጣል፤ ሊፍቱም ይቆማል። ዝናቡ ካለፈ በኋላ ያ አቧራ ይጠብቅና ከሁሉ የተሻለ መሬት ይሆናል፤ ጎማ መቀየር አያስፈልግም። ረዥም ጥርስ ያለው የጭቃ ጎማ ቀን ሙሉ ጭቃ ለሚታረስበት ተራራ ነው። በደረቅ ድንጋይ ላይ ያ ረዥም ጥርስ ይታጠፋል፣ ከስርህ ይሸሻል። የውድድር ሜካኒኮች መሬቱ መካከለኛ ሲሆን ጥርሱን በመቁረጫ ያሳጥሩታል። እኛ ሜካኒክ የለንም፤ ሁለት ጎማ ለመግዛት ገንዘብ ካለህ ሁለተኛውንም ለደረቁ ግዛው።

ልኩን ለማየትም እንዳትረሳ። ብዙዎቹ አዳዲስ የቁልቁለት ብስክሌቶች ፊት 29፣ ኋላ 27.5 ናቸው፤ በውድድር ሕግም ከ2019 ወዲህ ተፈቅዷል። ከጎኑ ላይ ያለውን ቁጥር አንብበህ ግዛ። ሁለት አንድ ዓይነት ገዝቶ አንዱን የመለሰ ሰው አይቻለሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እትዬ ቤት አልሄድንም፤ ትሬስል ነበርን። እህቴም መጣች። ታች ቆማ ቴርሞስ ይዛ እንደምትጠብቅ ነገረችን፤ ልጁ ሊፍቱ ሥር ተንበርክኮ መለኪያውን ሲያስገባ ከአናቱ ቆማ ቁጥሩን ታነባለች። ፊት 23፣ ኋላ 26። «አርባ አይደለም?» አለችኝ። «አይደለም» አልኳት። በአውራ ጣቷ ጥርሱን ተጫነችው፤ ቀስ ብሎ ተመለሰ። እንደገና ተጫነችው።

ሰልፉ ላይ ከኋላችን የቆመ ሰው ጎማውን አይቶ «ይኼ እኮ በጣም ከባድ ነው» አለው ልጁን።

ልጁ ዞሮ ብስክሌቱን መስቀያው ላይ አንጠለጠለና «የሚሸከመው ይኸው መጥቷል» አለው፤ ወንበሩ ከስራችን ገባ፣ ተነሳን።